ለሸረሪት ለቅሶ

እዚህ ጀርመን አብራኝ የምትሠራው ልጅ ዛሬ ዓይኗ አብጦ መጣች። ምን ሆነሽ ነው ስላት «ታራንቱላዬ ሞተችብኝ» አትለኝም! ያቺ ትልቋ ፀጉራም ሸረሪት። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፣ ከአፌ የወጣው ግን «እግዜር ያጽናሽ» ነው፣ ያውም በአማርኛ።

ታራንቱላ ቆዳዋን ስትቀይር በጀርባዋ ስለምትተኛ፣ ያኔ ቢያዩዋት የሞተች ነው የምትመስለው። ይሄኛው ግን ሌላ ነው፤ እግሮቿ በሙሉ ወደ ሆዷ ተጠቅልለዋል። ሸረሪት እግሯን የምትዘረጋው በሰውነቷ ፈሳሽ ግፊት ነው፣ ስትሞት ግፊቱ ይጠፋና እንደ ጡጫ ትጨበጣለች።

አንዳንዷ ሴት ታራንቱላ ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች፣ ለዚህ ነው ዱብ ዕዳ የሆነባት። ውሃው ይሆን? ሙቀቱ ይሆን? ስትል ዋለች። እኛስ ለቅሶ ቤት ገብተን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ነክቷት ነው?» አይደል? ምክንያቱ ሲጠፋ ነው የሚብሰው። ለማንኛውም ምሳ ጋበዝኳትና ሰዓቱን ሙሉ ስለ ሸረሪት ብቻ አወራን።