የረጠበው ኮርኒስ የማን ዕዳ ነው?

ዛሬ ጠዋት ሳሎን ስገባ ኮርኒሱ ላይ የሰሃን ስፋት ያለው ቢጫ ክብ ጠበቀኝ፤ ጠርዙ አብጦ ቀለሙ መላላጥ ጀምሯል። ከላይ ያለውን መታጠቢያ ቤት ማሳደስ ከጀመርን ሁለተኛ ሳምንታችን ነው። የቧንቧ ሠራተኛው ጥፋቱን በሴራሚክ ሠሪው ላይ አላከከ፤ ሴራሚክ ሠሪው ደግሞ «እኔ የደረስኩት ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ ነው» አለ። ሁለቱንም ያመጣቸው ተቋራጭ ግን (ይህ ነው ያስገረመኝ) የቤቱ ቧንቧ አሮጌ ስለሆነ ኃላፊነቱ የእኔ መሆኑን ሊያስረዳኝ ሞከረ።

ሴራሚኩ ሲነሳ ውሃው ይንጠባጠብ የነበረው ከአሮጌው ቧንቧ ሳይሆን ባለፈው ሳምንት ከተገጠመው አዲስ መገጣጠሚያ ሆኖ ተገኘ፤ ውሃ እንዳያሾልክ ጥርሱ ላይ የሚጠመጠመው ስስ ቴፕ፣ ቴፍሎኑ፣ እንኳ በቅጡ አልተጠመጠመም። ግድግዳው ከመሸፈኑ በፊት መስመሩ በግፊት ተፈትሾ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ በዚያው ቀን ይታይ ነበር።

እኔም ከጥፋት ነጻ አይደለሁም፤ ውላችን ስለ ሴራሚኩ ቀለም አንድ ሙሉ አንቀጽ ሲያትት፣ ሥራው በሌላ የቤቱ ክፍል ላይ ጉዳት ቢያደርስ ማን እንደሚጠግን ግን አንዲት ቃል አይልም። ማታ ማታ ዋናውን የውሃ መዝጊያ ማን እንደሚዘጋም አልተነጋገርንም። ፎቶዎቹን ከዝርዝር ደብዳቤ ጋር ለተቋራጩ ልኬለታለሁ፤ መገጣጠሚያውንም በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ኮርኒሱ በደንብ ሳይደርቅ ቀለም እንዳይቀባ አሳስቤዋለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።