ሦስት ቴምብሮች ይዤ ፓሪስ

አጎቴ በድሬዳዋ ምድር ባቡር ጣቢያ ከሠላሳ ዓመት በላይ በጸሐፊነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ሲያርፉ ለእኔ የደረሰኝ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ውስጡ በትንንሽ ፖስታ የተለዩ ቴምብሮች ነበሩበት፤ በየፖስታው ላይ አጎቴ በዚያ በተስተካከለ የእጅ ጽሕፈታቸው የአገሩን ስም ጽፈዋል፤ ፈረንሳይ፣ ሕንድ፣ ግሪክ፣ ግብፅ። የመጨረሻው ፖስታ ላይ የሰፈረው ግን «ያልታወቁ» የሚል አንድ ቃል ነው። ሦስት ቴምብሮች ናቸው። አጎቴ ሳያውቋቸው ሞቱ፤ እኔም ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አገላብጬ ወገናቸውን ላገኝ አልቻልኩም።

ባለፈው ኅዳር የእህቴ ልጅ ሊዮን ላይ ልታገባ ስትጠራኝ ቲኬቴን ከሠርጉ አምስት ቀን አስቀድሜ ቆረጥኩ። ፓሪስ ውስጥ ሐሙስ፣ ቅዳሜና እሑድ የሚቆም የቴምብር ገበያ እንዳለ ከወጣትነቴ ጀምሮ እሰማ ነበር።

አውሮፕላኑ ሻርል ደ ጎል ሲያርፍ ገና አልነጋም። ከመውጫው ፊት ሱፍ የለበሰ ሰው «ታክሲ» ብሎ ሻንጣዬን ከእጄ ተቀበለኝ። መንገዱን ሙሉ ስለ ልጆቹ ትምህርት እያጫወተኝ፣ ስለ ሠርጉ እየጠየቀኝ ሄድን። ሆቴሉ በር ላይ ስንደርስ 110 ዩሮ አለኝ። ከፈልኩ። በማግስቱ ነው ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከዚያ ሰፈር ድረስ በሕግ የተወሰነው ዋጋ 56 ዩሮ መሆኑን፣ እውነተኛዎቹ ታክሲዎችም ውጭ ተሰልፈው እንደሚጠብቁ የተረዳሁት። ከገንዘቡ ይልቅ ጨዋታው ነው ያናደደኝ። አዲስ አበባም ቢሆን እንግዳ ሲያዩ ዋጋ የሚሰቅሉ አሉ፤ ነገር ግን በሩን ከመክፈቴ በፊት እንከራከራለን፣ ተሸንፌ ብገባ እንኳ አውቄ ነው። ልጆቹን እያነሳ ወዳጅ መስሎ የሚዘርፍ ሰው ግን ሌላ ጊዜ ቅን ሰው ሲገጥመኝም እንድጠራጠር ያደርገኛል። ይህን አልወድለትም።

ሆቴሉ ከምሥራቅ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነበር፤ ክፍሌ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የአሳንሰሩ በር ላይ ተበላሽቷል የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እንግዳ መቀበያው ላይ የተቀመጠው ወጣት ሻንጣዬን ይዤ ደረጃውን ስወጣ እያየ ከወንበሩ አልተነሳም። እኛ ዘንድ ጎረቤት የማይሆን ሰው እንኳ ሽበት ሲያይ «ይስጡኝ አባባ» ይላል። ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ አደረ፤ ከመስኮቱ ሥር የቆሻሻ መኪናዎቹ ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጠርሙስ ሲገለብጡ ነበር። ካፖርቴን ለብሼ፣ በላዩ ጋቢዬን ደርቤ፣ ቆርቆሮዋን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። ጋቢዬን ባልይዝ ኖሮ ታምሜ ሠርጉ ይቀርብኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሻትሌ ላይ ባቡር ቀይሬ ሻንዜሊዜ ወረድኩ። ገበያው የሚቆመው ካሬ ማሪኚ በሚባል የአትክልት ጥግ፣ በኤሊዜ ቤተ መንግሥት አጠገብ ነው። የቦታው ባለቤት የነበረ አንድ ሀብታም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለከተማዋ ሲያወርሰው የቴምብር ነጋዴዎቹ እንዳይነሱ ቃል አስገብቶ ነው ይባላል። እኔ በሐሳቤ መርካቶን የመሰለ ግርግር ሥዬ ነበር። ያገኘሁት ቅጠላቸውን ያራገፉ ዛፎች ሥር የተዘረጉ ጥቂት ጠረጴዛዎችን፣ ካፊያ ስለነበር በላስቲክ የተሸፈኑ አልበሞችን፣ ኪሳቸው ውስጥ ወረንጦና ማጉያ መነጽር የያዙ ሽማግሌዎችን ነው። ጸጥታው ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ያነባል።

የመጀመሪያው ነጋዴ ሦስቱንም ቴምብሮች በአንድ ዐይን አየና «20 ዩሮ እሰጥሃለሁ» አለኝ። ምን እንደሆኑ ብጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ፤ ካልሸጥክ ምን አገባህ ማለቱ ነው። ፖስታዬን ሰብስቤ ልሄድ ስል ከጎን በታጣፊ በርጩማ ላይ የተቀመጡ፣ ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው ሰው «እስቲ ልያቸው፣ መግዛት አልፈልግም» አሉኝ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ድሬዳዋ ውስጥ ፈረንሳዊ ሁሉ ሙሴ ይባል እንደነበረው እኔም ሙሴ እላቸዋለሁ። ፈረንሳይኛዬ የአጎቴ የምድር ባቡር ፈረንሳይኛ ነው፤ ለገሃርን ለገሃር ያሰኘው ዓይነት። እርሳቸው ግን አንድ ጊዜም አላቋረጡኝም።

አንደኛው ቴምብር ባለ ሁለት ቀለም ነው፤ ጅቡቲ የሚል ስምና የባሕር ዳር ከተማ ሥዕል አለበት። ታዲያ ያልታወቀው ምኑ ነው ይባል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ቴምብሩን ራቅ አድርገው ሲያዩት ዙሪያውን ጥርስ አለው፤ ጣት ሲያሳልፉበት ግን ጠርዙ እንደ ምላጭ ለስላሳ ነው። ጥርሱ በቀለም የተሣለ ነው! መደቡም እንደ ሸማ በቀጫጭን መስመሮች የተሸመነ ይመስላል። አጎቴ ይህን አይተው ሐሰተኛ ነው ብለው ሳይደመድሙ አልቀሩም፤ እኔም አንዱ ከመጽሐፍ ላይ ገልብጦ ያተመው ነው ብዬ አዝኜላቸው ነበር። ሙሴ በወረንጦ አንስተው ወደ ብርሃን አዙረው ፈገግ አሉ። «እንዲህ ነው የታተመው» አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1894 ለጅቡቲና በዚያው ባሕር ዳር ላለችው የወደብ ከተማ ለኦቦክ የወጡት ቴምብሮች ጥርስ ሳይበሱ፣ ጥርስ የሚመስል ጠርዝ ታትሞባቸው የወጡ ናቸው። ከአጠገባቸው ካለው ጠረጴዛ አልበም ተውሰው የኦቦክን ባለ ሦስት ማዕዘን ቴምብር፣ ግመል የተቀመጠ ሰው ያለበትን፣ አሳዩኝ። አጎቴ አልተታለሉም። ይህን እዚያው በርጩማው አጠገብ ቆሜ ለራሴ ደጋግሜ አልኩት።

ሁለተኛው አረንጓዴ ነው። የሰው ምስል የለበትም፤ ከዳር እስከ ዳር የተጠላለፈ ሐረግና የዐረብኛ ጽሑፍ ብቻ ነው። የሰፈሬ ባለ ሱቅ መካ የሚል ቃል አንብቦልኝ ስለነበር ሐጅ የሄደ ሰው ለመታሰቢያ ያመጣው ወረቀት ነው ብዬ ነበር። ጠርዙም ግራ የሚያጋባ ነው፤ ጥርሱ በቀዳዳ የተበሳ ሳይሆን በስለት የተነካካ ነው። ሙሴ ይህን አላወቁትም። ተነሥተው ሦስት ጠረጴዛ አልፈው ቤይሩት የተወለዱ ጓደኛቸውን ጠሩልኝ። ሰውየው ገና ከሩቅ «ሒጃዝ!» አሉ፤ መካና መዲና ያሉበት የምዕራብ ዐረቢያ ምድር ነው። የመካው ሸሪፍ ሁሴን እ.ኤ.አ. በ1916 በኦቶማን ቱርክ ላይ ሲያምፁ ነጻነታቸውን ለዓለም የሚያሳውቅ ቴምብር ካይሮ ላይ ታተመላቸው። በሥራው ውስጥ በኋላ የዐረቢያው ሎረንስ ተብሎ የታወቀው እንግሊዛዊ ነበረበት። ንጉሥ ሥሎ መለጠፍ ስላልተፈለገ ሥዕሎቹ ከመስጊድ በርና ከጥንት ቁርኣን ጌጥ ተወሰዱ፤ የእኔው አረንጓዴ የተቀዳው ከአንድ የካይሮ መስጊድ የእንጨት በር ቅርጽ ነው። በስለት የተነካካው ጠርዝ የ1917ቱ ኅትመት ምልክት ነው አሉኝ። ሙጫውን ሎረንስ የፍራፍሬ ጣዕም እንዲኖረው አድርጎ ነበር ተብሎም ይወራል። የእኔው ሙጫ የለውም፤ ከደብዳቤ ላይ የተነቀለ ነው። እንግዲህ አንድ የድሬዳዋ ነጋዴ ከቀይ ባሕር ማዶ ደብዳቤ ደርሶት፣ ቴምብሩን ለአጎቴ ሰጥቷቸዋል ማለት ነው። የሒጃዝ መንግሥት ዛሬ የለም። ቴምብሩ ግን በእጄ ነው።

ሦስተኛው ላይ ሁለቱም ሽማግሌዎች ዝም አሉ። ቡናማ ነው፤ መሐሉ ላይ መልሕቅ፣ ከሥሩ 3 ቁጥር። የአገር ስም የለም፣ የገንዘብ ስምም የለም። ማኅተሙ ጥጉን ብቻ ነክቶ አልፏል። አንዱ የመርከብ ድርጅት ነው አለ፤ ሌላው የወደብ ቀረጥ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1868 የስዊዝ ቦይ ኩባንያ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሠራ ባለ መርከብ ቴምብር አውጥቶ እንደነበረ፣ ዛሬ በየአልበሙ ከሚታዩት አብዛኞቹ ሐሰተኛ እንደሆኑ የሰማሁት በዚህ ክርክር መሐል ነው። የእኔው እሱም አይደለም። አራት ሰው ተሰበሰበ፣ ከዚያ ሰባት። ለአንድ ብጣሽ ወረቀት በካፊያ ውስጥ ሰባት ሰው ጃንጥላውን አጋጥሞ ሲቆም ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እኛ አገር የቴምብር ሰብሳቢ ብቻውን ነው። ቤተሰቡ «አሁንም ወረቀትህን ትቆጥራለህ?» ይለዋል።

ዓርብ በድሩኦ መንገድ ያሉትን የቴምብር ሱቆች ስዞር ዋልኩ፤ መልሕቁን ያወቀ የለም።

ቅዳሜ ስመለስ ሙሴ ቀድመውኝ መጥተዋል። በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ የአልበም ገጽ ከቦርሳቸው አወጡ። የዳግማዊ ምኒልክ ቴምብሮች! እነዚህ የመጀመሪያ ቴምብሮቻችን እዚሁ ፓሪስ የታተሙ ናቸው፤ ቀራጩም ኧዠን ሙሾን የሚባለው ፈረንሳዊ ነው። በዱሮው ገንዘብ በግርሽ የተተመኑ ሰባት ዋጋዎች ሲሆኑ በአነስተኞቹ ላይ ንጉሡ፣ በትላልቆቹ ላይ አንበሳው አለ። ሙሴ የያዙት ግን በኋላ በላያቸው ማኅተም የተመታባቸውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 «ቦስታ» የሚል ቃል ያረፈባቸውን።

«አርባ ዓመት ስመለከታቸው ኖሬአለሁ፤ ሲነበቡ ግን ሰምቼ አላውቅም» አሉኝ። «ያንብቡልኝ።»

አነበብኩላቸው። ቦስታ። የዱሮ ሰዎች ፖስታን እንዲህ ይሉት እንደነበር፣ የአጎቴ አባት እስኪሞቱ ድረስ ቦስታ ቤት ሲሉ እንደኖሩ ነገርኳቸው። ሙሴ ዐይናቸውን ጨፍነው «ቦስታ፣ ቦስታ» እያሉ ደገሙት። ከዚያ ገጹ ላይ ያሉትን አራት ቴምብሮች አንድ በአንድ በማጉያ መነጽር እንዳይ ጠየቁኝ። ሦስቱ ላይ «ስ» ደኅና «ስ» ነች፤ በአራተኛው ላይ ግን «ስ»ን ከ«ሰ» የምትለየው ጭረት የለችም። «ቦሰታ» ይላል። ፊደሉን የማያውቅ ሰው ቅርጹን ብቻ አይቶ የቀረጸው ማኅተም ይመስላል። በዚህ ማኅተም ብዙ ሐሰተኛ እንደተሠራ ሙሴ ያውቃሉ፤ ቀለምና ወረቀት ያያሉ እንጂ ፊደል ማየት አልቻሉም ነበር። ጎማ ላይ የተቀረጸ ማኅተም ሲያረጅ ጭረቷ ልትጠፋ ትችላለች፤ ስለዚህ ሐሰተኛ ነው ብዬ አልፈረድኩም፤ እንዲህ ሆኖ ይነበባል ብቻ አልኩ። እርሳቸውም እርሳስ አውጥተው ከቴምብሩ ሥር የጥያቄ ምልክት አደረጉ። በዚያ እርጥብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያን ምልክት ሲጽፉ የነበራቸው ጥንቃቄ እስከ ዛሬ በዐይኔ ላይ ነው።

ለድካማቸው ገንዘብ ልሰጥ ስል እጄን መለሱት። ለሠርጉ ካመጣሁት የሐረር ቡና ግማሽ ኪሎ ሰጠኋቸው፤ አሽትተው ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱት። የመልሕቁን ቴምብር በደብተራቸው ላይ ሣሉ፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥሬንም ጻፉ። ሊዮን ሄጄ ሠርጉን በልቼ በሳምንቱ አገሬ ገባሁ።

በጥር መጨረሻ ደብዳቤ ደረሰኝ። ፖስታው ላይ በፍራንክ ዘመን የታተሙ አምስት የተለያዩ ቴምብሮች ተለጥፈዋል፤ ማኅተሙ እንዳያበላሻቸው ጥግ በጥግ ተደርድረው። ማርሴይ ላለ ሰው የመልሕቁን ሥዕል ልከውለት የመርከብ ድርጅት ሳይሆን አይቀርም እንዳላቸው፣ ሆኖም ለመወሰን የጥርሱን ቁጥርና ወረቀቱ ለብርሃን ሲያዝ የውሃ ምልክት፣ ማለትም ወረቀቱ ውስጥ የተደበቀ ምልክት፣ ማሳየት አለማሳየቱን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ጽፈዋል። ከሥሩ የሌላ የአልበም ገጽ ፎቶ ኮፒ አለ፤ ስምንት ማኅተሞች፤ በጎኑ በእርሳስ «እነዚህስ ምን ይላሉ?»

ትናንት ማታ የመልሕቁን ቴምብር በመስኮቱ አጠገብ ለካሁት። በ2 ሳንቲሜትር ውስጥ ከላይ 12፣ ከጎን 11 ተኩል ጥርስ አለው። ወረቀቱን ወደ አምፖሉ ሳቀርበው በታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ አንዲት የተጠማዘዘች መስመር ታየች፤ የአንድ ትልቅ ፊደል ጫፍ ትመስላለች። እንዳየኋት ሣልኳት። ስምንቱን ማኅተሞች እያንዳንዳቸውን አነበብኩና ንባቡን በፈረንሳይኛ ፊደል ከሥራቸው ጻፍኩ፤ ሁለቱ ላይ የጥያቄ ምልክት አደረግኩ። ፖስታው ተዘግቶ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ቸርችል ጎዳና ወዳለው ፖስታ ቤት ይዤው እሄዳለሁ።