ያልቆየ ቢራ ፍለጋ ወደ ሐረር

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ስላደረሰኝ ባቡር የምለው የለኝም፤ አብዛኛውን መንገድ በእንቅልፍ ነው ያለፍኩት። የተናደድኩት ድሬ ስወርድ ነው። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ፣ ሻንጣ የያዘ ሰው ሌላ አማራጭ እንደሌለው የገባው ባለባጃጅ ከዚራ ሰፈር ለማድረስ 500 ብር ጠራ። ተከራክሬ 400 አወረድኩትና እንደ ጀግና ተሳፈርኩ። የሆቴሉ ዘበኛ ዋጋውን ሲሰማ "አቦ፣ ተበላህ!" ብሎ ሳቀብኝ።

ሌሊቱም አልማረኝም። መብራት ጠፋ፣ ቬንትሌተሩ ቆመ፣ ፍራሹ ጋለ። አንሶላውን ውኃ ነክሬ ተጠቀለልኩበት፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደረቀ። አዲስ አበባ ላይ በነሐሴ ብርድ ሳማርር የኖርኩት ሰውዬ ካፖርቴ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል?

ከዚራን ግን እወዳታለሁ። ቀጥ ያሉት መንገዶቿ፣ የዛፎቿ ጥላ፣ ማንንም "አንተ" ብሎ የሚያቀርበው ሕዝቧ። በማግስቱ አመሻሽ ላይ አንድ ግሮሰሪ በረንዳ ተቀምጬ ሐረር ቢራ አዘዝኩ። ዓይኔ ግን ግድግዳው ሥር የተደረደሩት ሳጥኖች ላይ ነበር። የምዕራብ ፀሐይ ፊት ለፊት ያገኛቸዋል፣ የላይኞቹ አቧራ ለብሰዋል።

የቀረበልኝ ጠርሙስ በረዶ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። የመጀመሪያው ጉንጭ ቅዝቃዜ ብቻ ነው፤ ምንም አይነግርህም። ብርጭቆው ውስጥ ትንሽ ለብ ሲል ነው ጉዱ የወጣው፦ የራሰ ካርቶን ሽታ። የታተመውን ቀን አየሁ፤ ገና ብዙ ይቀረዋል። አስተናጋጇን ጠርቼ "ይሄ ፀሐይ የመታው ነው" አልኳት። "አቦ፣ ቢራ ቢራ ነው፤ አትጨናነቅ!" አለችና ብርጭቆውን አንስታ ሌላ ይዛ መጣች። የመጀመሪያውን ሒሳብ ውስጥ አላስገባችውም። እንዲህ ዓይነት ልብ ሰፈሬ ካሉት ግሮሰሪዎች አላየሁም። ሁለተኛው ግን ያው ካርቶን ነበር።

የመጨናነቄ መነሻ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ ስንማር አንድ የምግብ ሳይንስ መምህር፣ ቢራ ጠላቶቹ ሦስት ናቸው ይል ነበር፦ አየር፣ ሙቀትና ብርሃን። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ቢራው የሚያረጅበት ፍጥነት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። ብርሃን ደግሞ የሆፑን፣ የቢራን ጌሾ በለው፣ ምሬት ወደ ክፉ ሽታ ይለውጠዋል፤ ቡናማ ጠርሙስ ከአረንጓዴው የተሻለ የሚከላከለው ለዚህ ነው። እንግዲህ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ፣ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ያው ቢራ ዳገቱን ከወረደ በኋላ በረንዳ ላይ ሲከርም፣ የታተመው ቀን የሚያውቀው ነገር የለም።

የመጀመሪያ ቢራዬም ሐረር ነው፤ ከሐረር ግንብ በሮች አንዱ ከሆነው ከሸዋ በር ውጭ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከዶርም ልጆች ጋር። አንዱ ቆርኪውን በጥርሱ ከፍቶ ለሁላችን እያካፈለ ቀዳ። አያቴ ቤት ያደግኩበት ጠላ ጭሱና ጌሾው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ይሄ ግን አረፋው አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ምሬቱ ምላሴ ሥር ቀረ። "ሦስተኛው ጉንጭ ላይ ትለምደዋለህ" አሉኝ። አልለመድኩትም፤ ሆኖም የእህል ጠረኑ፣ ገና የተጋገረ ዳቦ የሚመስለው፣ አልተረሳኝም። ድሬ ላይ ያጣሁት እሱን ነው።

በሚኒባስ ደንገጎን ወጥተን፣ ሐሮማያንና አወዳይን አልፈን ሐረር ገባን። አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ ድሬ ላይ ሳልጨርሰው የቀረው እንቅልፍ መጣብኝ።

የሐረር ቢራ ፋብሪካ እዚሁ ነው፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ፣ በ2011 ከበደሌ ጋር በሄኒከን የተገዛው። ፋብሪካ አጠገብ መሆን ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እኔ የምመርጠው ሰው የሚበዛበትን ቤት ነው። ሳጥን ዛሬ ገብቶ ነገ የሚያልቅበት፣ የድራፍቱ በርሜል ተከፍቶ የማያድርበት። ቧንቧው በየጊዜው ካልታጠበ ድራፍት ይኮመጥጣል፤ ባዶ ቤት ገብተህ ጃምቦ ድራፍት ከምታዝ ጠርሙስ ይሻልሃል። ከግንቡ ውጭ፣ ቢራ ቤት በሚበዛበት በኩል፣ እንዲህ ያለ ቤት አገኘሁ። ሳጥኖቹ ጓዳ ውስጥ፣ ጨለማ ቦታ ናቸው። ባለቤቷ እትዬ ጠርሙሱን ከማቀዝቀዣ ሳይሆን ከጓዳ አውጥተው "መጀመሪያ እንዲሁ ቅመሰው" አሉኝ። ቀመስኩት። ዳቦው አለ! የአንዱ ዋጋ 80 ብር ነበር፤ ሌላ ደገምኩ።

ለወንድሜ ይዤ ልሂድ ስላቸው ፊታቸው ተቀየረ። "ባዶውስ?" ባዶ ጠርሙስ ሳያመጡ ሙሉ መውሰድ የለም፤ ሳጥኑ ሲመለስ የሚጎድለውን የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። የጠርሙሱን መያዣ ከፈልኩ፣ አዲስ አበባ እንደምኖርም ነገርኳቸው። "እንግዲያ አትመልሰውም ማለት ነው" ብለው አንድ ጠርሙስ ጨመሩልኝ። በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ልብሴ መሐል እንዳስቀምጠውና በባቡሩ መስኮት በኩል ፀሐይ እንዳይነካው አስጠነቀቁኝ።

ወንድሜ ከፈተው፣ ቀመሰው፣ ጠርሙሱን አገላብጦ አየው። "ያው ሐረር አይደል እንዴ? እዚህ ታች ሱቅ አለኮ" አለ። ሁለተኛውን እኔ ጠጣሁት።