ብጠፋ ምን ብለው ያፋልጉኛል?

ዛሬ ያለ ምክንያት ከፍቶኝ ዋለ። ዝናቡ ነው ብዬ አለፍሁት። አንዲት የማውቃት ልጅ ብትደውልም አላነሳሁም፤ ይልቅ የቦስተኑን «ፓይለት» ጋዜጣ የጥንት የአፋልጉኝ ማስታወቂያዎች ሳገላብጥ አመሸሁ።

«ፓይለት» ያኔ አሜሪካ የገቡ የአየርላንድ ስደተኞች ጋዜጣ ነበር። የአፋልጉኝ አምዱ በፈረንጆች ከ1831 ጀምሮ እስከ 1921 ዘልቋል። ከ1845 ወዲህ የድንቹ በሽታ ያመጣው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ፈጅቶ ከዚያ የሚበልጠውን ባሕር ሲያሻግር፣ ሚስት ባሏን፣ እናት ልጇን፣ ወንድም እኅቱን በዚያ አምድ ፈለጉ። አጻጻፉ እንደ ፖሊስ መዝገብ ደረቅ ነው፦ ስም፣ አውራጃ፣ ደብር፣ የተነሣበት ወደብ፣ የመጣበት ዓመት፣ ወሬው ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማበት የባቡር ሐዲድ ወይም የቦይ ቁፋሮ ሥራ። እንባ የለበትም። እኔ ግን አለቀስሁ፤ ይህ እንግዲህ የእኔ ጉዳይ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ገረመኝ። የጋዜጣው ርዕሰ አንቀጽ «አየርላንዳውያን» እያለ ይጠራቸዋል። ገጹን ገልጦ ወደ ማስታወቂያው የወረደ ግን የሚያገኘው የኮርክ አውራጃ ሰው፣ የሜዮ አውራጃ ሰው፣ የዚህ ደብር የዚያ ደብር ተወላጅ ነው። እኔ ግን አንድ ሕዝብ ያደረጋቸው ርዕሰ አንቀጹ አይመስለኝም። የኮርኩ ሰው ወንድሙን ሲፈልግ ከበታቹ የሜዮዋን እናት ማስታወቂያ አንብቦ ይሆናል፤ ያኔ ነው የሆኑት።

ኋላ ጋዜጣውን በአዘጋጅነት የመራው ጆን ቦይል ኦራይሊም ከጠፉት የሚቆጠር ነበር። እንግሊዞች በ1867 ከሌሎች እስረኞች ጋር በመርከብ ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ አጋዙት፤ በ1869 በዓሣ ነባሪ አዳኞች መርከብ አመለጠ። እስረኞቹ ሲጋዙ ማተሚያ ስላልነበራቸው በእጃቸው ጋዜጣ ጽፈው፣ ለጓደኞቻቸው ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። በግዞት መርከብ ላይ፣ በውቅያኖስ መካከል፣ ጋዜጣ! ዜናውን ከወዴት ያመጡት ይሆን?

እኔስ ብጠፋ? አፋላጊዎቼ እንዳይቸገሩ ብዬ ማስታወቂያውን ራሴ ጀመርሁት። ስሜን ጻፍሁ። ሥራ የሚለውን ለጊዜው ዘለልሁት። ቁመት ላይ ትንሽ ጨመርሁ። ደብር ላይ ስደርስ ግን ብዕሬ ቆመ፤ የተጠመቅሁበትን ልጻፍ ወይስ ያደግሁበትን?