ሽሮዬን አስገደፉት

የማረሚያ ቤት ጥበቃ ሥራ ማማ ላይ ቆሞ መዋል የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አንድ ቅዳሜ የስንቅ በር ላይ ቁሙ። ጠያቂው ይጎርፋል፣ ሁሉም ምሳ ዕቃ አንጠልጥሏል። እንጀራው ይገለጣል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ወጡ በማንኪያ ይማሰላል። ምላጭም ሲም ካርድም ከወጥ ውስጥ አውጥተን ስለምናውቅ ቀልድ የለም።

ያኔ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሁዳዴ ገብቷል። በሩ ላይ ያለችን ማንኪያ አንድ ናት። አንድ ሙስሊም ልጅ ለወንድሙ ሥጋ ወጥ ይዞ መጣ፤ አማስዬ አሳለፍኩት። ቀጥሎ አንዲት እናት ለባለቤታቸው ሽሮ ይዘው ቀረቡ። ማንኪያዋን ልሰድ ስል፣

«ልጄ፣ እስቲ ለቅለቅ አድርጋት» አሉኝ።

ሰልፉ አስፋልቱ ጋ ደርሷል። «እማማ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አልኩና ሰደድኳት። ሽሮው ላይ የቅቤ ዘይት ክብ ክብ እየሠራ ተንሳፈፈ። አየሁት። እሳቸውም አዩት። ምንም ሳይሉ ከድነው ሰጡኝ።

ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ለቆጠራ ገባሁ። የቤቱ ካቦ፣ የእስረኞቹ ተጠሪ፣ ጠጋ ብሎ «ሽማግሌው ዛሬ እህል አልቀመሱም» አለኝ። ምሳ ዕቃው እንደተከደነ ራስጌያቸው ተቀምጧል።

«አንተ፣ ለምንድነው የማትበላው?»

በዕድሜ አባቴን ይበልጣሉ። ግን ግቢው ውስጥ የለመድነው ያው «አንተ» ነው፣ አፍ ላይ ይቀድማል።

ቀስ ብለው ተነሡና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ሥራ ነው» አሉ። «ብቻ ሽሮዬን አስገደፉት።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም። እኔን ያቃጠለኝ ሳቁ መሰለኝ። ውዬ አድሬ ሳስበው «እርስዎ» ያሉኝ ነው። እኔ «አንተ» ብያቸው እሳቸው «እርስዎ» አሉኝ፤ ስድብ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር።

ብድሬን በመዝገብ መለስኩ። «ታራሚው የረሃብ አድማ መትቷል» ብዬ ጻፍኩ። ቃሉ ምን ያህል እንደሚከብድ አልገባኝም። በማግስቱ እሁድ ነው፣ ግን የክሊኒኩ ባለሙያ ከቤቱ ተጠርቶ መጣ። የሽማግሌውን ግፊት ለካና «ከኔ ይሻላሉ» ብሎ ሄደ። ሰኞ ጠዋት አለቃ ቢሮ ተጠራሁ።

«የአድማው ምክንያት ምንድነው?»

«አድማ አይደለም ጌታዬ። ሽሮው... ገድፎ ነው።»

«ምን ሆኖ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። እኚህ አለቃ ሥልጠና ላይ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 21 በቃል ያስጠኑን ሰው ናቸው። እስረኛ ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ የመያዝ መብት እንዳለው፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው ሊጎበኙት እንደሚችሉ፣ አንድም ቃል አይስቱም። ሰምተውኝ ሲያበቁ «ታዲያ እዚህ ሆቴል ነው እንዴ?» አሉ። በዚያው ሳምንት በአባላት ክበብ፣ በያይነቱ ትሪ ጠርዝ ላይ የእንቁላል ፍርፋሪ አይተው ትሪውን በቁጣ የመለሱትም እሳቸው ናቸው። አስተናጋጇ አልቅሳለች። ይህን ግን ያኔ ማን ይናገራል።

ለማንኛውም ከደመወዜ ሁለተኛ ማንኪያ ገዛሁ። እጀታው ላይ አረንጓዴ ክር አሰርኩበት፣ የጾም ነው። ጓዶቼ «አባ ማንኪያ» የሚል ስም አወጡልኝ። ሽማግሌውንም «አባባ፣ እርስዎ» ማለት ጀመርኩ፣ በተለይ ሰው ሲኖር። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ከመመለስ በቀር ምንም አሉኝ አልልም።

በቀጣዩ ቅዳሜ እናትየዋ ሲደርሱ ገና ከሩቅ አየኋቸው። ባለ ክሩን ማንኪያ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። «እማማ፣ ይኸው፣ የጾም ነች። ሌላ ነገር አልነካችም።»

«ይባርክህ ልጄ» አሉ።

ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የቤታቸውን ማንኪያ አወጡና ዘረጉልኝ።

በሷ አማሰልኩ። ስመልስላቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው መልሰው ቋጠሯት።