ሞዴሉ ያየው ጠመኔውን ነው

ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ጠዋት ከቤት ስወጣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። እኔም ሹራብ ላይ ነጠላ ደርቤያለሁ። ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርድ ጆሮዬ ድፍን ይላል። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራቡ ከላዬ ወርዶ ክንዴ ላይ ነው። ይህን መንገድ አምስት ወር ሙሉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ተመላልሼበታለሁ። ያመላለሰኝ ጨርቅ ነው። ጨርቅ ላይ ያለ እንከን።

የማስተርስ ማሟያ ሥራዬ ነበር። ከሽመና ማሽን የወረደ ጨርቅ በካሜራ ይነሳል፣ እንከኑን ኮምፒውተር በዲፕ ለርኒንግ፣ ማለትም ከብዙ ምሳሌ ራሱ እየተማረ፣ ይለያል። የፋብሪካው ስም ይቆየን። በር ከፍተው አስገብተውኛል፣ ሻያቸውንም ጠጥቻለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ስህተት የራሴ ነው።

የጀመርኩት ግን በጨርቅ አልነበረም፣ በብረት ነው። የጨርቅ ፎቶ ስላልነበረኝ ከኢንተርኔት በነፃ የሚወርድ ስብስብ ፈለግሁ። ሸንያንግ፣ ቻይና ያለው የሰሜን ምሥራቅ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው በጣም የታወቀ አንድ ስብስብ አለ። በትኩሱ የተዳመጠ ብረት ነው። 1,800 ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ እያንዳንዱ 200 በ200 ፒክስል። ስድስት ዓይነት እንከን፣ ለእያንዳንዱ 300 ፎቶ። ጭረት አለ፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው አለ፣ የዝገት ቅርፊት ተዳምጦ የገባበት አለ። ሬስኔት የሚባለውን ፎቶ የሚለይ የኮምፒውተር መረብ፣ ሞዴል የምንለውን፣ አውርጄ ጉግል ኮላብ ላይ በነፃ በሚሰጥ ፈጣን ማስሊያ (ጂፒዩ) አሠለጠንኩት። ለቡና ተነሥቼ ስመለስ 98 ከመቶ ይላል። «በቃ፣ ገባኝ» አልኩ። ለእናቴም ነገርኳት። እሷም ለጎረቤት ነገረች።

ያኔ ያላስተዋልኩት ነገር ነበር። እዚያ ስብስብ ውስጥ አንድም ደህና ብረት የለም። 1,800ዎቹም እንከን ያለባቸው ናቸው። ሞዴሉ የሚጠየቀው «በሽታው የትኛው ነው?» ተብሎ ነው። «ታሟል ወይስ አልታመመም?» ብሎ የጠየቀው የለም። ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ስንት ሜትር ደህና ጨርቅ አልፎ አንዲት የተበጠሰች ክር ትመጣለች።

ጨርቁ የሚመረመርበት ቦታ ከሽመናው አዳራሽ ጎን ነው። የማሽኖቹ ጩኸት በግድግዳው በኩል ይሰማል። ዘንበል ያለ ትልቅ መስታወት አለ፣ ከኋላው መብራት በርቷል። ጨርቁ ከአንዱ ጥቅል ተፈትቶ በመስታወቱ ላይ እየተንሸራተተ ሌላው ላይ ይጠቀለላል። ፊት ለፊቱ መርማሪዋ ተቀምጣ ታያለች። እንከን ስታይ ፔዳሉን ረግጣ ታቆማለች፣ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች፣ መዝገብ ላይ ትጽፋለች፣ ትቀጥላለች።

እኔ የተመደብኩት ዕድሜያቸው ከእናቴ የሚበልጥ አንዲት መርማሪ ጋ ነበር። እትዬ እላቸዋለሁ። ሥራው ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተዋል። መነጽራቸው በገመድ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ጠመኔው ቀኝ እጃቸው ላይ ነው፣ ሻይ ሲጠጡ እንኳ አያስቀምጡትም። ግራ እጃቸው ደግሞ ሁልጊዜ ጨርቁ ላይ ነው። መጀመሪያ ድጋፍ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ወፍራም ክር የገባበትን ቦታ ዓይናቸው ሳያየው መዳፋቸው ያገኘዋል።

ነጥብ አሰጣጡን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ባለአራት ነጥብ ይሉታል። እስከ 3 ኢንች የሆነ እንከን 1 ነጥብ፣ ከ3 እስከ 6 ኢንች 2፣ ከ6 እስከ 9 ኢንች 3፣ ከዚያ በላይ 4። አንድ ያርድ ላይ እንከኑ የቱንም ያህል ቢበዛ ከ4 ነጥብ በላይ አይቆጠርም። ብዙ ገዢ በ100 ካሬ ያርድ እስከ 40 ነጥብ ይታገሣል። ከዚያ ካለፈ ጥቅሉ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ዋጋው ይወርዳል።

የእንከኑ ስም ግን በእኛው ቋንቋ ነው፣ ደስም ይላል። ድር ተበጠሰ። ማግ ጎደለ። ቋጠሮ። ዘይት። ቀዳዳ። ሸማኔ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው። ኮዴ ውስጥም እንደዚሁ ብዬ ነው የሰየምኳቸው። አማካሪዬ ግን ሲያየው አልሳቀም።

ሁለት ወር ፎቶ አነሳሁ። እትዬ ሲያቆሙ አነሳለሁ፣ ጨርቁ ደህና ሲሆንም አነሳለሁ። ፎቶዎቹን ቆራርጬ 2,940 ቁራጭ ሆኑ። ከእነሱ 310ሩ እንከን ያለባቸው ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። «ሞዴሌ 90 ከመቶ ልክ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደህናው ስንት እንደነበር ጠይቁት። በእኔ ዳታ ሞዴሉ ዓይኑን ጨፍኖ «ሁሉም ደህና ነው» ቢል 89 ከመቶ ያገኛል። አንድም እንከን ሳያይ! ስለዚህ ሌላ ነገር ነው መቆጠር ያለበት፦ ከእንከኖቹ ስንቱን ያዘ፣ ከያዛቸውስ ስንቱ እውነት ነው።

ሬስኔት እ.ኤ.አ. በ2015 የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች የሠሩት ነው። እኔ ያወረድኩት ኢሜጅኔት በሚባል የፎቶ ስብስብ ላይ የሠለጠነውን ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፎቶ፣ አንድ ሺህ ዓይነት ነገር አይቷል። ውሻ፣ መኪና፣ ጀበናን የሚመስል ማንቆርቆሪያ። ውሻ ሲያይ ያደገ መረብ ስለ ጨርቅ ምን ያውቃል? ያውቃል። ትንንሽ መስኮቶች ፎቶው ላይ ከዳር እስከ ዳር ይንሸራተታሉ። የመጀመሪያው ንብርብር የሚፈልገው ብርሃን ወደ ጨለማ የሚቀየርበትን ጠርዝ ነው። ቀጣዩ ጠርዞቹን አጋጥሞ ቅርጽ ይሠራል። ጠርዝ ደግሞ ውሻም ላይ ጨርቅም ላይ ያው ጠርዝ ነው። ስለዚህ የታችኛውን እንዳለ ትቼ የላይኛውን ብቻ በራሴ ፎቶ አስተማርኩት።

ውጤቱ ጥሩ ነበር። ከመጠን በላይ ጥሩ። ለመፈተኛ ካስቀመጥኳቸው እንከኖች ከመቶ 97ቱን ያዘ። የሐሰት ጩኸት የለውም ማለት ይቻላል። የዚያን ቀን ማታ ፒያሳ ጓደኞቼን ቁርጥ ጋብዣለሁ።

ሰኞ ካሜራውን ወሰድኩና ከመስታወቱ በታች፣ ጨርቁ ከጥቅሉ ተፈትቶ በሚወጣበት አሠርኩት። ሐሳቡ ማሽኑ ከእትዬ ቀድሞ እንዲያይ ነው። እሳቸው እንደ ወትሮው ይሠራሉ፣ እኔ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጫለሁ። በዚያ ጥቅል እትዬ 23 እንከን አገኙ። ሞዴሉ ሁለት። ሁለቱም ከዚያ በፊት ሌላ ሰው አይቶ ምልክት ያደረገባቸው ነበሩ።

ካሜራው መስሎኝ ነበር። ከዚያ መብራቱ መሰለኝ። ሌንሱን ጠረግሁ፣ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ደሴ ተመልሼ ሌሊቱን ግራድ-ካም የሚባለውን ዘዴ ሞከርኩ። መረቡ ሲወስን ፎቶው ላይ የቱን ቦታ እንደተመለከተ በቀለም ያሳያል። ቀይ የሆነበት ቦታ ዓይኑ ያረፈበት ነው። የመጀመሪያውን ፎቶ ከፈትኩ። የተበጠሰችው ድር በግልጽ ትታያለች፣ ሞዴሉ ግን ዞር ብሎም አላያትም። ቀዩ አጠገቧ ያለው ነገር ላይ ነው። ሁለተኛውን ከፈትኩ። ሦስተኛውን። ሁሉም ላይ ቀዩ ያረፈው ጠመኔው ላይ ነው።

ነገሩ ከተገለጠ በኋላ የሕፃን ስህተት ነው። እትዬ ያቆማሉ፣ ምልክት ያደርጋሉ፣ እኔ ከዚያ ነው የማነሳው። ስለዚህ እንከን ያለበት ፎቶ ሁሉ ጠመኔ አለበት። ደህናው ላይ ጠመኔ የለም። ሞዴሉ ከሁለቱ የሚቀለውን መረጠ። ሁለት ወር ሙሉ ያስተማርኩት ጨርቅ እንዲያይ ሳይሆን እትዬ የት እንደነበሩ እንዲያይ ነው። ለመፈተኛ የለየኋቸውም ፎቶዎች ጠመኔ ስላለባቸው ፈተናውም አላጋለጠኝም። ቁርጡ ትዝ አለኝ።

በማግስቱ ነገርኳቸው።

«እትዬ፣ የተማረው የአንቱን ጠመኔ ነው።»

«እና ጎበዝ ነዋ!» አሉ። «ጠመኔዬ መቼ ተሳስቶ ያውቃል?»

ከዚያ ፊቴን አይተው «አብሽሪ ልጄ፣ ጨርቁ እንደሆነ አያልቅም» አሉኝ።

ሌላ መንገድም ሞክሬያለሁ። ከደህናው ብቻ ማስተማር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ኤምቪቴክ የሚባል ስብስብ የተዘጋጀው ለዚህ ነው። ምንጣፍ፣ ቆዳ፣ እንጨት፣ ጠርሙስ፣ በጠቅላላው 15 ዓይነት አለው። ለማሠልጠኛ የሚሰጠው ደህና ደህናው ብቻ ነው። ሞዴሉ ደህናው ምን እንደሚመስል ይለምዳል፣ ከዚያ የተለየ ሲመጣ ይጮኻል። እኔ ደህና ጨርቅ ሞልቶኛል፣ ስለዚህ ሸጋ ነበር። ግን የእኛ ክፍል ብናኝ ይበዛበታል። በአየር የሚንሳፈፍ ጥጥ ጨርቁ ላይ ባረፈ ቁጥር ይጮኻል። ዝንብ ሲያርፍ ይጮኻል። የእትዬ ግራ እጅ በካሜራው ፊት ሲያልፍ ደግሞ ባለ አራት ነጥብ እንከን ነው ብሎ መዘገበ። ይህን ስነግራቸው ብዙ ሳቁ። እስካሁንም እጃቸውን «አራት ነጥቡ» ይሉታል።

ስለዚህ ወደ መጀመሪያው መንገድ ተመለስኩ፣ በሌላ አሠራር። ካሜራው እዚያው ከታች ታስሮ ይቆያል፣ ጠመኔ ሳይነካው ያነሳል። ከጎን በዝቅታ የሚያበራ አምፖል ጨመርኩ፣ ወፍራሙ ክር ጥላ እንዲጥል ብዬ። እትዬ እንከን ሲያዩ ጮክ ብለው ይጠራሉ፦ «ድር!» «ማግ!» «ዘይት!» እኔ የሜትር መቁጠሪያውን እጽፋለሁ። ከዚያ ከካሜራው እስከ ዓይናቸው ያለውን አንድ ሜትር ከሃያ አስልቼ የትኛው ፎቶ እንደሆነ አገኛለሁ። መብራት ሲሄድ ቁጭ ብለን እናወራለን። ስድስት ሳምንት ፈጀ።

አንድ ቀን፣ እሳቸውም ተስማምተው፣ ያለፈ ጥቅል መልሰን አሳለፍን። መጀመሪያ 31 እንከን ጠርተው ነበር። በሁለተኛው 34 ጠሩ። በሁለቱም ጊዜ የተጠሩት ግን 24 ብቻ ናቸው። ዝርዝሩን ሳሳያቸው ያፍራሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ምንም አላሉም። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አዩት።

«ያን ቀን ነጭ ሆኖ የሚሸጥ ነው ብለውኛል። ዛሬ ጥቁር ሰማያዊ ይቀለማል ተብሏል። ነጭ ላይ ዘይቷ ነውር ናት። ጥቁር ሰማያዊ ላይ ማን ያያታል? ማግ የሳሳበት ግን ሲቀለም መስመር ሆኖ ይወጣል። ሁለት ሦስቱን እንኳ ዓይኔ ነው፣ ከሰዓት ነበር።»

እኔ እስከዚያ ቀን እንከን ጨርቁ ላይ ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር። ፎቶው ውስጥ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። ለሞዴሉ የሰጠሁት ፎቶ ብቻ ነው። ጨርቁ የት እንደሚሄድ የነገረው ሰው የለም። እትዬ ግን በየጠዋቱ ሥራ ሳይጀምሩ የሚጠይቁት እሱን ነው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ፣ ጥያቄውን እየሰማሁ፣ ሰላምታ መስሎኝ ነበር።

ያን ካወቅሁ በኋላ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት። ሞዴሉ «ይህ ዘይት ነው፣ ይህ ማግ ነው፣ ርዝመቱ ይህን ያህል» ብሎ ይናገራል፣ በቃ። ያስቀጣል አያስቀጣም የሚለውን የዕለቱ ትእዛዝ ይወስናል። ቴክኒኩ ቀላል ነው፣ አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ ናት። የማሟያ ሥራዬን ፈታኞች ፊት ባቀረብኩበት ቀን ግን ከሬስኔቱ ይልቅ ብዙ ያስጠየቀችኝ እሷ ናት።

አሁን ያለበትን ልንገራችሁ። የተበጠሰ ድር ጎበዝ ነው። ረጅም ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ፣ በመጨረሻው ፈተና ከ40ው 36ቱን ያዘ። ቀዳዳ አያመልጠውም። ማግ የሳሳበት ላይ ግማሹን እንኳ አይዝም። ወፍራም ክር ላይ የጎኑ አምፖል ረድቶታል፣ ግን ከእትዬ መዳፍ ጋር አይወዳደርም። ጠመኔ ሲያይ ዝም ይላል። እሱን ደጋግሜ ፈትኜዋለሁ።

የመጨረሻው ቀን ሻይ እየጠጣን እትዬ የነጠላዬን ጫፍ ያዙ። ሲያወሩ እጃቸው ዝም ብሎ አያውቅም። ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ዳበስ ዳበስ አደረጉና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ይህ ማግ ጎድሎታል። ስንት ገዛሽው?»

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠመኔዋን አውጥተው ትንሽ መስቀለኛ ምልክት አደረጉበት።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ምልክቱን አየችው። «ምን ነካው?» አለች።

«እንከን አለው ተብሎ ነው።»

ወደ አምፖሉ ጠጋ አድርጋ አገላበጠችው። «ምንም የለውም እኮ» አለች። ከዚያ መዳፏን አሳረፈችበት፣ ወደዚህም ወደዚያም አለች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«እህ» አለች።