ቀሚሱ ይቀየር ተባለ

ዛሬ ሆዴን ባር ባር ሲለው ነው የዋለው። ምክንያት የለውም። ገና አልፎ ጥምቀት እስኪደርስ ባሉት በነዚህ ቀናት ጎንደር ሁሌ እንዲህ ታደርገኛለች። ከተማው ይጠረጋል፣ አጥሩ ይቀባል፣ ፒያሳ በባንዲራ ይሞላል፣ ዓመቱን ሙሉ ደውሎ የማያውቅ ዘመድ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ማደሪያ ፈልጊልኝ» ይላል። እኔ ደግሞ በረንዳ ላይ ቡናዬን ይዤ ማንም ሳይነካኝ አኮርፋለሁ።

በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። የሰንበት ትምህርት ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ለ50ኛው ዓመት የመዝሙር ልብሱ ሊቀየር ነው፤ ንድፉ ይኸው፣ አስተያየት ስጡበት ይላል።

ከፈትኩት። ነጩ ቀሚስ እንዳለ አለ። ከትከሻ እስከ ጫፍ የሚወርደው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መስመር ግን የለም። በሱ ፋንታ ወርቃማ ጥለት ገብቷል። ደረቱ ላይ የፋሲል ግንብ ተጠልፏል፣ ከግንቡ ሥር የለባሹ ስም። ወርቅ ኢዮቤልዩ ስለሆነ ወርቃማ፤ ይገባኛል። ግን እውነቱን ልናገር፣ የሆቴል አስተናጋጅ ልብስ ነው የመሰለኝ።

ግሩፑ ወዲያው ተቀጣጠለ። አንዱ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ!» ብሎ ጻፈ። የሚበጣጠሰው አሮጌው ይሁን አዲሱ እስካሁን አልገባኝም፤ ሁለቱም ወገን ግን ልብ ሰጥቶታል። ያቺ ውጭ ያለችው ደግሞ «ባህላችንን አትንኩብን» አለች። ስም አልጠራም፣ ታውቋታላችሁ። ከሄደች ወዲህ ከሁላችንም በላይ ጎንደሬ የሆነችው እሷ ናት።

እኔም ጣቴን በላኝ። «ይህ መስመር ከአባቶቻችን የወረስነው ነው» ብዬ ጻፍኩና ልልክ ስል ቆም አልኩ። ከየትኞቹ አባቶች?

ሦስቱ ቀለማት አንድ ላይ ባንዲራ የሆኑት በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890 ነው። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628። ቀለሞቹ ከዚያ በፊት አልነበሩም አልልም፤ ግን መስመሩን ከግንቡ ጋር የተወለደ አድርገን ስንሟገት ግንቡ ራሱ ይታዘበናል። ደግሞ ልብሱ በዕድሜ ከሰንበት ትምህርት ቤቱም ያንሳል። ጋሼ፣ ከበሮ ያስተማሩን ጋሼ፣ የመጀመሪያዎቹ መዘምራን ከየቤታቸው ባመጡት ነጠላ ነበር የሚዘምሩት ይላሉ። «አንዱ ነጭ፣ አንዱ ነጭ የነበረ፣ አንዱ የእናቱን።»

ጥምቀት ላይ ያለው ነገር ሁሉ እንዲህ ነው መሰለኝ። ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ፊት ፊት ቀይ ምንጣፍ እየዘረጉ፣ ካለፉበት እየጠቀለሉ የሚሮጡት ወጣቶች አሉ አይደል? እኔ ልጅ ሳለሁ አልነበሩም። ሲጀመር ያጉረመረመ ሰው ነበር። አሁን አንድ ዓመት ቢቀሩ «ባህሉ ጠፋ» ብለን የምንጮኸው እኛው ነን። ጃኖም እንዲሁ። ያ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ልብስ ድሮ የሹማምንት ነበር፤ ተራ ሰው ተነስቶ የሚደርበው አልነበረም። ዛሬ ከተራ ዕለት ጃንተከል ዋርካ ሥር ቁሙና ጃኖ ያልለበሰ ጎረምሳ ፈልጉ።

ከዚያ ሐሳቤ ጭራሽ ወደ ሸማኔው ሄደ።

አያቴ ፈትሏን የምትሰጠው አዲስ ዓለም ላሉ አንድ ሸማኔ ነበር። ሙስሊም ናቸው። አዲስ ዓለም መቼም፣ በ1660 ገደማ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ሙስሊሞች ለብቻቸው ይስፈሩ ብለው ካዘዙበት ዘመን ጀምሮ የነሱ ሰፈር ነው። አያቴ «ለጥምቀት ካልደረሰልኝ እቀየምዎታለሁ» ስትላቸው «እትዬ፣ ለኛም ዒድ አለብን፤ ሁሉም በተራው» ይሏት ነበር አሉ። ለጥምቀት ሳይደርስላት የቀረበት ዓመት ግን የለም። ወደ ደባርቅ መውጫ ላይ ወለቃ ደግሞ ቤተ እስራኤላውያኑ ነበሩ፤ ወንዶቹ ቀጥቃጮችና ሸማኔዎች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ወደ እስራኤል ሄዱ።

እንግዲህ አስቡት። ታቦት ስናጅብ የለበስነውን ነጭ ሲሸምኑልን የኖሩት ቤተ ክርስቲያናችን ገብተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ማጉን ወርውረው፣ ጥለቱን አሳምረው፣ አጥፈው ሰጥተውን ወደየጸሎታቸው ይሄዳሉ። ይሄን ግሩፑ ላይ ብጽፈው ሦስተኛ ጦርነት ስለሚነሳ ተውኩት። አሁን ያለው ቀሚሳችንም ቢሆን የነሱ ሥራ አይደለም፤ የጨርቅ ቤት ፖሊስተር ነው። «ባህላዊ» የምንለው እሱን ነው እንግዲህ።

ተነስቼ ሳጥኑን ከፈትኩና የራሴን አወጣሁት።

ስታገባ ከመዘምራን ከወጣች ልጅ የወረስኩት ነው። እኛ ጋ ወጉ እንዲህ ነበር፤ አንዷ ትወጣለች፣ ቀሚሱ ለምትገባዋ ያልፋል። ሲሰጠኝ እግሬ ሥር ተጎትቶ ነበርና እናቴ ጫፉን ደራርባ አጠፈችው። በቁመቴ ልክ በየዓመቱ አንድ እጥፋት ትፈታ ነበር። የእጥፋቶቹ መስመሮች እስካሁን ይታያሉ፣ ከሌላው ጨርቅ ይልቅ እነሱ ነጭ ናቸው። ከታች በኩል የጧፍ ጠብታ አለ። የከተራ ሌሊት ነው፣ በወረቀትና በካውያ ቢሉት አልለቅ ያለ።

አንገቱን ገልበጥ ስታደርጉት ደግሞ ስሞች አሉ። ልብስ እንዳይቀያየር ሁሉም የራሷን በመርፌ ትጽፍ ነበር። የመጀመሪያው በሰማያዊ ክር፣ ልቅም ያለ የእጅ ሥራ። ቀጥሎ በጥቁር፣ የተንጋደደ። እሷ መጀመሪያ በእሳቱ ሰ ጀምራ ኋላ በላዩ ንጉሡን ሠ ሰፍታበታለች፤ የኔታ ሳያርሟት አልቀሩም። ከዚያ የኔ። ያወረሰችኝ ባለጥቁሯ ናት፣ አውቃታለሁ፣ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ባለሰማያዊዋን ግን የሚያውቃት ሰው አላገኘሁም። ጋሼን ጠይቄያቸው «በደርግ ጊዜ ነው መሰለኝ» ብለው ወሬ ቀየሩ። ቤት የቀየረች ይሁን፣ አገር የቀየረች ይሁን፣ ሌላ ነገር ይሁን እንጃ። ላቧን ለብሼ ስንት ጥምቀት ዘምሬያለሁ፣ መልኳን አላውቅም።

ከኔ በኋላ የመጣችው ልጅ ሳትወስደው የቀረችው በዚያ ዓመት ልብስ በገፍ ስለተሰፋ ነው። ለሷም አዲስ ደረሳት። ከኔ ስም በታች ያለው ቦታ ባዶ ነው።

አዲሱ እንግዲህ ለእያንዳንዱ በልኩ ይሰፋል፣ ስሙም በማሽን ደረቱ ላይ ይጠለፋል። ደረት ላይ የሌላ ሰው ስም ይዞ የሚዘምር የለም። ይሄ ነው የቆረቆረኝ። መስመሩ ሲወርድ ወርቅ ሲገባ አይደለም፤ ለኔ ወርቅም አረንጓዴም አንድ ነው።

ግን ደግሞ እዚሁ ላይ የእህቴ ልጅ ትዝ ትለኛለች። አምና ብብቱ የተቀደደና ነጭነቱ ያለፈበት ቀሚስ ደርሷት፣ «ሁሉም የራሱ አለው፣ እኔ ብቻ የሰው» ብላ ስታለቅስ አድራለች። እኔ አንገቱን ገልብጬ «እዪ፣ ስንት ሰው ለብሶታል» ስላት ይባስ አለቀሰች። ለሷ ምን ልበላት? ከሰው የወረሱት ልብስ ክብር የሚመስለው ለማን ነው፣ ለለባሹ ነው ወይስ ቀድሞ ለብሶ ለወጣው? እኔ ራሴስ በሷ ዕድሜ ቀሚሱ ሲጎተትብኝ ደስ ብሎኝ ነበር? አይመስለኝም። እናቴን ብጠይቃት ትነግረኛለች፤ አልጠይቃትም።

ማታ ላይ ሌላ መልእክት መጣ። ለበዓሉ የቀድሞ አባላትም አዲሱን ልብስ ለብሰው ይዘምራሉ፣ ቁመትና ወገብ እስከ ነገ ይላክ ይላል። ከጠዋት ጀምሮ ይህን ሁሉ ያሰብኩት ሴትዮ ቀድሜ ላክሁ። ቁመቴን በትክክል ጽፌያለሁ። ወገቤን ግን የድሮውን ነው የጻፍኩት።